የተለመዱ መድኃኒቶች በአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ላይ የሚያስከትሉት የተሳሳተ ውጤት

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጉኑኖ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በመደበኛው ሕክምና ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶችን ይወስዳል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ስድስቱንም ወራት የሚወሰድ ነው። ይኸው ሕይወት አድን መድኃኒት በአንዳንድ የሽንት ምርመራ ዘዴዎች ታካሚውን የሞርፊን ወይም የሄሮይን ተጠቃሚ አስመስሎ ሊያሳይ እንደሚችል በሕክምና ጥናቶች ተረጋግጧል።

የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ በአቪዬሽን፣ በትራንስፖርት፣ በስፖርትና በልዩ ልዩ የሥራ ቅጥሮች ላይ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በመሆኑም የምርመራ ወረቀት ተመልክተው የሚወስኑ ኃላፊዎች የውጤቱን ትርጉም በሚገባ ሊያውቁ ይገባል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል የአንድን ሠራተኛ እንጀራና ስም ልታሳጣ ትችላለችና።

የመጀመሪያው ምርመራ አሠራር

በአብዛኛው በቅድሚያ የሚደረገው ፈጣንና ርካሽ የሆነው የመለያ ምርመራ ነው። በዚህ ዘዴ በላቦራቶሪ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት ከሽንት ናሙናው ጋር ይገናኛሉ። ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር የሚለዩት በቅርጹ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ሲያጋጥማቸውም ሊይዙት ይችላሉ። የተሳሳተ ፖዘቲቭ ውጤት በአብዛኛው የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። የምርመራ ኪቶች ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ በአንዱ ፖዘቲቭ የሆነ ናሙና በሌላው ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የማረጋገጫ ምርመራ ነው። ይህም በክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያዎች አማካይነት በናሙናው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ የእያንዳንዱን ማንነት ይለያል። ሪፋምፒሲንን ከሞርፊን በግልጽ የሚለየው ይህ ዘዴ ቢሆንም ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

ውጤት ሊያሳስቱ የሚችሉ መድኃኒቶች

ከሪፋምፒሲን በተጨማሪ ሌቮፍሎክሳሲንና ኦፍሎክሳሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በሞርፊን ወገን ምርመራ ላይ የተሳሳተ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሌቮፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን ለማከምም የሚያገለግል ነው።

የኤች አይ ቪ ቫይረስ ሥርጭትን በደም ውስጥ ለመግታት ለብዙ ዓመታት በስፋት ሲሰጥ የቆየው ኤፋቪሬንዝ በአንዳንድ ኪቶች የካናቢስ፣ በሌሎች ደግሞ የእነ ዲያዜፓም ወገን መድኃኒት ተጠቃሚነት ምልክት እንደሚያሳይ ተመዝግቧል። በአሁኑ ወቅት በአብዛኞቹ ታካሚዎች ዘንድ በዶሉቴግራቪር የተተካ ቢሆንም የሚወስዱት አሉ።

ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎርፕሮማዚን፣ ለአለርጂና ለማስታወክ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ እንዲሁም በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ሱዶኤፌድሪን የአምፌታሚን ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን እንኳ አልፎ አልፎ የተሳሳተ ውጤት ማሳየቱ ተመዝግቧል።

ትክክል ሆኖ ጥፋት የማይሆን ውጤት

ከተሳሳተ ውጤት ተለይቶ መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በባርቢቹሬት ምርመራ፣ ኮዴይን ያለበት የሳል መድኃኒት ደግሞ በሞርፊን ወገን ምርመራ ፖዘቲቭ ያሳያሉ። እዚህ ላይ መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ንጥረ ነገሩ በእርግጥ በሰውነት ውስጥ አለ። ሆኖም በሐኪም ትእዛዝ የተወሰደ መድኃኒት በመሆኑ ግለሰቡን ጥፋተኛ አያሰኘውም። ስለዚህ የማረጋገጫ ምርመራ ብቻውን በቂ ሳይሆን የሐኪም ማስረጃም አብሮ ሊታይ ይገባል።

የጫት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በውስጡ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች ካቲኖንና ካቲን እ.ኤ.አ. በ1971 በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሲሆኑ፣ ተክሉ ራሱ ግን በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። በአገራችን ቅጠሉ በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም በበርካታ አገሮች የተከለከለ መሆኑን ወደ ውጭ የሚጓዙ ዜጎች ማወቅ ይኖርባቸዋል።

በስፖርቱ መስክ

የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዕውቅና የሰጣቸው ላቦራቶሪዎች በማስ ስፔክትሮሜትሪ ስለሚመረምሩ ከላይ የተገለጸው ዓይነት መሳሳት ብዙ አያሳስባቸውም። ለአትሌቱ አስጊ የሚሆነው በመድኃኒት መልክ የሚወሰድ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። ለምሳሌ ሱዶኤፌድሪን በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮ ግራም በላይ ሆኖ ከተገኘ ክልክል ነው። የልብ መድኃኒት የሆነው ሜልዶኒየም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሲከለከል ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊት አበባ አረጋዊ በዚያው ዓመት በጊዜያዊነት ታግዳ እንደነበርና እገዳው ከወራት በኋላ መነሣቱ ይታወሳል። በወቅቱ ንጥረ ነገሩ ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በሚገባ አለመታወቁ በርካታ ጉዳዮችን አወዛጋቢ አድርጎ ነበር። የታመመ አትሌት ለሕክምና የሚያስፈልገውን መድኃኒት ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለ።

ከኃላፊዎችና ከተመርማሪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ በመለያ ምርመራ ብቻ ተመሥርቶ ከሥራ ማሰናበትም ሆነ ቅጥር መከልከል ተገቢ አይደለም። የማረጋገጫ ምርመራ እስኪጠናቀቅ ውጤቱ እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም።

ሁለተኛ፣ ናሙናው ሲሰጥ ተመርማሪው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ሊመዘገቡ ይገባል። መረጃው የሚሰጠው ለጤና ባለሙያ ብቻ ሆኖ በምሥጢር መያዝ አለበት። የመድኃኒት ስም የግለሰቡን የኤች አይ ቪ ወይም የአእምሮ ጤና ሁኔታ ሊገልጥ ስለሚችል በሰው ኃይል ፋይል ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለሁለተኛ ምርመራ የሚሆን የናሙናው ክፍል ታሽጎ ሊቀመጥ ይገባል።

ተመርማሪዎች በበኩላቸው የሐኪም ማዘዣቸውንና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ሊያስቀምጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርመራውን ፈርተው መድኃኒታቸውን ሊያቋርጡ አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን ማቋረጥ በሽታው መድኃኒት እንዲላመድ መንገድ ይከፍታል። ይህም ለታማሚው፣ ለቤተሰቡና ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጭምር አደገኛ ነው። የተሳሳተ የላቦራቶሪ ውጤት በድጋሚ ምርመራ ይታረማል፤ የተላመደን በሽታ ማዳን ግን እጅግ ከባድ ነው።