የዓባይ ዓሣና የስሙ ነገር

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ የቦረናን ደጋ ትቶ ቆላውን ሲረግጥ፣ ወሎን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ይገጥመዋል፤ ገብስና ባቄላ የሚያመርተው ደገኛም በዚያ ውኃ የሚመላለሰውን ፍጥረት በጥቅሉ «ዓሣ» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። በላይ፣ በጣና ዳር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ግን ነጭ ዓሣን ከቤሶ፣ ቆሮሶን ከአምባዛ ለይቶ ይጠራል።

ይህ የአጥማጅ ስም ወደ ሊቃውንት መጽሐፍ የገባበት ታሪክ አለ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጎንደርና ደምቢያ ደርሶ የሐይቁን ዓሦች ከመረመረ በኋላ፣ በ1835 መግለጫቸውን ሲያወጣ፣ አንዱን «ኔድጂያ»፣ ሌላውን «ቤሶ»፣ ሦስተኛውን በደምቢያ ስም «ደምቤንሲስ» አለው። የመጀመሪያው «ነጭ ዓሣ» የሚለው ቃል በባዕድ ጆሮ ተሰምቶ በባዕድ ፊደል የሰፈረ ሲሆን፣ ሁለተኛውም የስንቃችንን በሶ ለአንባቢ ያስታውሳል፤ ዓሣው ግን ገብስ አያውቅም፣ ድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ በከንፈሩ እየፋቀ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖሩ። የዓሣ ሊቁ ባኒስተር በ1973 የጣናን ትላልቅ ባርቦች፣ ማለት ነጭ ዓሣንና ዘመዶቹን፣ በአንድ ዝርያ፣ «ኢንተርሜዲየስ» በሚለው ስም ጠቀለላቸው፤ ናገልከርከና ሲቢንግ ግን በ1990ዎቹ አፋቸውን፣ ራሳቸውንና መብላቸውን መርምረው 15 ዝርያዎችን ለዩ፤ ከእነርሱም ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው፣ ይህም በመንጋጋው ጥርስ ለሌለው ነገድ እጅግ እንግዳ ነገር ነው። አጥማጁን አስቀድመው ቢጠይቁት ኖሮ ድካማቸው ባነሰ ነበር እላለሁ።

መልክ ብቻውን እንደሚያሳስት ደግሞ ቆሮሶ ራሱ ምስክር ነው። የሰሜን አሜሪካን የፀሓይ ዓሣ ያየ ሰው ቅርጹንና የጀርባውን እሾኽ አይቶ የቆሮሶ ወንድም ይለዋል፤ ሊኔዎስም በ1758 ለሁለቱም የዝርያ ስም ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የፀሓይ ዓሣው ወንዱ በጠጠር ላይ ጎጆ ቆፍሮ እንቁላሉን ሲጠብቅ፣ የቆሮሶ እናት ልጆቿን በአፏ ውስጥ ታሳድጋለች፤ የዛሬው ምደባም በተለያየ ቤተ ሰብ ያኖራቸዋል።

ወደ ስሙ ነገር ስንመለስ፣ ቤሶ በዓባይ ገባሮችም ይገኛልና፣ ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ሆኖ የወንዙን ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ ቢከለክለውም፣ ከፏፏቴው በታች የሚኖረው ቤሶ ዛሬም በሐይቁ ሰው ቃል ይጠራል።