ላም አለኝ በምድር ውስጥ፦ የፖላንድ የጋዝ ተስፋ

መንግሥታት «በምድራችን ውስጥ ይህን ያህል ሀብት አለን» ብለው ሲያውጁ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ፖላንድ ናት።

ፖላንድ ከምትጠቀምበት የተፈጥሮ ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምትገዛው ከሩሲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞስኮና ኪየቭ ተጣልተው ወደ አውሮፓ የሚሄደው ጋዝ ሲቋረጥ ዋርሶ ሥጋት ገባት። በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ከፖላንድ የሼል አለት 5.3 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ሊወጣ እንደሚችል ገመተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክም ምርቱ በ2014 ለገበያ ይቀርባል አሉ።

ይሁን እንጂ ግምቱ የተሰላው ከአለቱ ስፋትና ውፍረት እንጂ ከፖላንድ ጉድጓዶች ምርት አልነበረም። ሼል ጋዙን አፍኖ የሚይዝ አለት ነው፤ ጉድጓዱ ወደ ታች ወርዶ በአግድም ካልተቆፈረ፣ አለቱም በከፍተኛ ግፊት በሚገባ ውሃና አሸዋ ካልተሰነጠቀ በበቂ መጠን አይለቅም። ከዚያም በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍሰት ያታልላል፤ የሚወጣው ለስንጥቁ ቅርብ የሆነው ጋዝ ነውና። ብዙውን ጊዜ ምርቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ የሚመዘነው በወራት የፍሰትና የግፊት መዝገብ ነው። ጄ. ጄ. አርፕስ በ1945 ያሳተመው ዝነኛ የምርት መቀነስ ቀመር እንኳ፣ በጥቂት ወራት መረጃ በሼል ላይ ሲሠራበት፣ የተጋነነ ውጤት ይሰጣል።

በ2012 የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም የቀድሞ ጉድጓዶችን መረጃ መርምሮ ግምቱን ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አወረደው። በዚያው ዓመት ኤክሶንሞቢል ሁለት ጉድጓድ ሞክሮ ለቀቀ። በ2013 በሰሜን ፖላንድ፣ በሌምቦርክ አካባቢ፣ አንድ ጉድጓድ በቀን 8000 ሜትር ኩብ ገደማ መስጠቱ ትልቅ ዜና ሆነ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግን ጥሩ የሚባል ጉድጓድ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ100000 በላይ ይሰጣል። በ2015 ሼቭሮንና ኮኖኮፊሊፕስም መውጣታቸውን አስታወቁ።

ጥፋቱን በታክስ ሕጉና በቢሮክራሲው ያሳበቡ ነበሩ። ድርሻ እንደነበራቸው አልክድም፤ ሆኖም ጉድጓዶቹ በቂ ቢሰጡ ኖሮ ኩባንያዎቹ ሕጉን ታግሰው ይቆዩ ነበር ባይ ነኝ።

ለዋርሶ መሪዎች የምሰጠው ምስጋና ግን አለ። ተስፋውን እያወሩም የሽቪኖይሽቼን የፈሳሽ ጋዝ ወደብ መገንባታቸውን አላቆሙም። በ2022 ጋዝፕሮም ጋዙን ሲዘጋባቸው የደረሰላቸው ይህ ወደብና በዚያው ዓመት የተከፈተው የኖርዌይ ጋዝ ቧንቧ ነው። ላሟን በሰማይ እያዩ ብቻ ቢቀመጡ ኖሮ ያን ክረምት በምን ይሞቁት ነበር?