ሽቦው ሲነቀል ምን ይቀራል? ከምኒልክ ስልክ እስከ ፒያሳ ፈረሳ

በ2016 ዓ.ም የካቲትና መጋቢት ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ቤቶቹ፣ ስለ ቅርሱ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ተነሺው ሕዝብ። ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለ ወረደው የስልክ ሽቦ ግን የተናገረ እምብዛም የለም። ሞባይል በየኪሱ ባለበት ዘመን ስለ መዳብ ሽቦ ማን ይጨነቃል? ይሁንና አንድ አገር አሮጌ አገልግሎትን ወደ አዲስ መሠረተ ልማት ሲያሻግር ምን ይዞ፣ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ለማየት ከዚህ ሽቦ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ስሙና ቁጥሩ

አራዳ በስም መጽናት የታወቀ ሰፈር ነው። ጊዮርጊስ ሥር የነበረውን ትልቁን ገበያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ ሰፈሩንም በቋንቋቸው ፒያሳ አሉት። ገበያው ሄደ፤ ጣሊያንም ሄደ። አራዳም ፒያሳም የሚሉት ስሞች ግን ቀሩ።

የስልክ ቁጥሩም እንደዚያው ነው። የአካባቢው ብዙ መደበኛ ስልኮች በ0111 ጀምረው 11፣ 55፣ 56 ወይም 57 ያስከትላሉ። በአሮጌ ደረሰኞች ላይ የምናያቸው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥሮችም በእነዚሁ ይጀምሩ ነበር። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ የአዲስ አበባ መለያ ከ01 ወደ 011 ሲቀየር፣ የአራዳ ቁጥሮች ከፊታቸው አንድ “1” ብቻ ተጨመረላቸው። አሮጌው ቁጥር በአዲሱ ውስጥ ሳይነካ ተቀመጠ ማለት ነው። ደንበኛውን የሚያውቀው ሰው ሁሉ አንድ አሃዝ ጨምሮ ያገኘዋል። ሽግግር በወጉ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል።

አንድ ጥሪ፣ አንድ መንገድ

ስልክን ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዟቸው ይዘው እንደመጡ፣ የመጀመሪያው መስመርም ቤተ መንግሥቱን ከግምጃ ቤቱ እንዳገናኘ ይነገራል። ሰው ሳይታይ ድምፅ የሚሰማበትን ዕቃ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ብለው ቢቃወሙም ዐፄ ምኒልክ አልተመለሱም። ከዚያ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ሐረር መስመር ተዘረጋ። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚህ፣ ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ ነው። መስመሩን መጠበቅ ቀላል አልነበረም፤ ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፣ ዝሆን ይገፋዋል፣ ሽቦውን ደግሞ ሰው ለአምባርና ለጌጥ ይቆርጠዋል።

ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1945 ዓ.ም ደግሞ ዘርፉ ከፖስታ ተለይቶ በራሱ ቦርድ መተዳደር ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ስም ደጋግሞ ተለወጠ፤ ማዞሪያውም ከሰው እጅ ወደ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ዲጂታል ተሻገረ። መሠረታዊው አሠራር ግን ያው ነበር፦ ሁለት ሰዎች እስኪጨርሱ ድረስ መስመሩ የእነሱ ብቻ ነው።

ይህ እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው። ተሳፋሪው ዝም ቢልም ወንበሩን ሌላ አይቀመጥበትም። በዲጂታሉ ዘመን ይህ ወንበር በሰከንድ 64 ሺህ ቢት ነበር። ሠላሳ ሁለቱ ሲደመሩ ባለሙያዎች ኢ-ዋን የሚሉትን፣ በሰከንድ 2.048 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፈውን መስመር ይሠራሉ። ስልክ ብቻ ሳይሆን የባንክ ቅርንጫፎች ግንኙነትና የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል ማማዎችም በዓለም ዙሪያ የቆሙት በዚሁ መስመር ላይ ነው።

የኢንተርኔት መረብ ጠባይ ሌላ ነው፤ የሰልፍ ታክሲ ነው። መረጃው በትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ ከሌላው ሰው መረጃ ጋር ተጋፍቶ ይሄዳል። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ይቀራል። ርካሽ ነው፣ ብዙ ይጭናል፤ ነገር ግን ለማንም ወንበር አይዝም።

ሽቦ መሳዩ

ሁለቱ ጠባዮች ሲጋጩ ምን ይደረግ? ዓለም ሁሉ አሮጌውን መሣሪያ በአንድ ቀን ሊጥል አይችልም። መልሱ በእንግሊዝኛው ሱዶዋየር የሚባለው ዘዴ ሆነ፤ ሽቦ መሳይ ብንለው ያስኬዳል። የኢንተርኔትን ቴክኒክ ደንቦች የሚያወጣው አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ. ጠቅላላ አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኢ-ዋንን በፓኬት መረብ ላይ የሚጭነውን ደንብ ደግሞ በ2006 አወጣ። ኢትዮጵያ ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ መረብ ለመዘርጋት የተስማማችውም በዚያው በ2006 ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከአሮጌው መሣሪያ የሚወጣው ያልተቋረጠ የቢት ፍሰት እየተቆረጠ ይታሸጋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በሰልፍ ታክሲዎቹ ይጫናል። መድረሻው ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚጠብቅበት ማረፊያ አለ። እዚያ የዘገየው እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ሁሉም በቁጥሩ ይሰለፋል፣ ከዚያ በእኩል ምት ይለቀቃል። የጠፋ ካለ ላኪው እንዲደግም አይጠየቅም፤ በቦታው ባዶ መሙያ ገብቶ ምቱ ይቀጥላል። ትልቁ ጭንቅ ሰዓት ነው። የሁለቱ ጫፎች ሰዓት እኩል ካልሄደ ማረፊያው ወይ ይሞላል ወይ ባዶ ይሆናል፤ መስመሩም ይንገጫገጫል። በሁለቱም ጫፍ ያለው አሮጌ መሣሪያ ግን መሀሉ እንደተለወጠ አያውቅም። የድሮው ሽቦ አሁንም ያለ ይመስለዋል።

የዚህ ዘዴ ቁም ነገር ከቴክኒክ ያልፋል። መሐንዲሶቹ ሽቦ መሳዩን ከመሥራታቸው በፊት የድሮው ሽቦ ምን ምን ያደርግ እንደነበር አንድ በአንድ መቁጠር ነበረባቸው፦ ቅደም ተከተል፣ እኩል ምት፣ የብልሽት ምልክት። የተቆጠረው ተሻገረ። ያልተቆጠረው ቀረ።

ያልተቆጠረው

የመዳብ ስልክ መስመር ከድምፅ ሌላ አንድ ነገር ያመጣ ነበር፤ ኤሌክትሪክ። ከማዞሪያ ጣቢያው ባትሪ 48 ቮልት ያህል በዚያው ቀጭን ሽቦ ይመጣል። ስለዚህ ሰፈሩ ጨልሞም ቢሆን ተራው የጠረጴዛ ስልክ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ለእሳት አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991 መደወል ይቻል ነበር። ይህን ማንም እንደ ተለየ አገልግሎት አስቦት አያውቅም፤ ክፍያም አልተጠየቀበትም። ሽቦው በተፈጥሮው ይዞት የመጣ ነገር ነው።

ፋይበር የሚያመጣው ብርሃን ነው፤ ስልኩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል አያመጣም። ቤት ውስጥ ያለችው ሳጥን ከግድግዳው ሶኬት ኃይል ካላገኘች ስልኩም ዝም ይላል። ሞባይል አለ ይባላል፤ ግን መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ማማውም ባትሪው ያልቃል፣ የኪስ ስልኩም ይደክማል።

ብሪታንያ ይህን በችግር ተምራዋለች። የመዳብ ስልኩን ወደ ኢንተርኔት መስመር ስታዛውር፣ አረጋውያን ለአደጋ የሚጫኑት የመጥሪያ ቁልፍ በአዲሱ መስመር ላይ ያልሠራባቸው አጋጣሚዎች ተከሰቱ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የግዳጅ ሽግግሩ እንዲቆም ተደረገ፤ የመጨረሻው ቀንም ከ2025 መጨረሻ ወደ 2027 መጀመሪያ ተገፋ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ደግሞ ሌላ አማራጭ የሌለው ደንበኛ መብራት ቢጠፋም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ እንዲችል ኩባንያዎቹን ያስገድዳል።

በአዲስ አበባ የመብራት መቆራረጥ ከለንደን ያነሰ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው እዚህ ይበልጥ ይከብዳል።

ሦስት ነገሮች

የኮሪደር ልማቱ መስመሮችን ከመሬት በታች አስገብቷል፤ ከሽቦ ዝርክርክነትና ከመዳብ ሌባም ይገላግላል። መዳብ ይመለስ የሚል አስተዋይ ሰው የለም። መጠየቅ ያለበት ግን አለ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ። ድሮ ቁጥር በማዞሪያ ጣቢያው የታሰረ ነበር፤ በፓኬት መረብ ግን ቁጥር ከቦታ ጋር የሚታሰርበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ከፒያሳ ወደ ከተማዋ ዳር የተነሳ ሱቅ ወይም ቤተሰብ ዘመድና ደንበኛ የሚያውቀውን ቁጥሩን ይዞ መሄድ መብቱ ሊሆን ይገባል። ቤቱን ላጣ ሰው ቁጥሩ ከቀሩት ጥቂት አድራሻዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። መዳቡ ተነስቶ ፋይበር ሲገባ ለጤና ጣቢያ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለአቅመ ደካሞች ቤት መጠባበቂያ ባትሪ አብሮ ይግባ።

ሦስተኛ፣ ቆጠራው። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ አሮጌ መስመር ከመቋረጡ በፊት በዚያ መስመር ምን ምን አገልግሎት ይሄድ እንደነበር ተመዝግቦ ለሕዝብ እንዲገለጽ ቢያስገድድ ከሥልጣኑ አያልፍም።

መሐንዲሶች ለማሽን ሲሉ ይህን ቆጠራ አድርገዋል። የሃያ ዓመት መሣሪያ ሽቦው እንዳለ እንዲመስለው ይህን ያህል ከተደከመ፣ ስድሳ ዓመት በአንድ ሰፈር ለኖረ ሰው ያንኑ ያህል መድከም ብዙ አይደለም።