የዊልያም ሆጋርት የመዳብ ሰሌዳዎችና የ1735ቱ የሥዕል ህትመት ሕግ

ዊልያም ሆጋርት (1697–1764 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ የሥነ ጥበብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የለንደንን ሕዝብ አኗኗር እየተቸና እየሸነቆጠ የሣለ ሠዓሊ በመሆኑ ነው። ይህ ስም የሚገባው ቢሆንም በራሱ በሠዓሊነት ሙያ ላይ ያመጣው ለውጥ ከዚያ ያላነሰ ክብደት አለው። ሠዓሊ የባለጸጋ ደጅ ሳይጠና፣ ለነጋዴም ሳያድር፣ ሥራውን በአካል ለማያውቀው ብዙ ሕዝብ እየሸጠ ራሱን ችሎ መኖር እንደሚችል ያስመሰከረውና ለዚህ የሚያስፈልገውን የሕግ ከለላ ከፓርላማ ያስገኘው እሱ ነው።

ሆጋርት ለዚህ ትግል የተነሣበትን ምክንያት ለመረዳት አስተዳደጉን ማየት ይጠቅማል። አባቱ ሪቻርድ ሆጋርት የላቲን መምህር ሲሆን፣ እንግዶች በላቲን የሚነጋገሩበት ቡና ቤት በለንደን ከፍቶ ከከሰረ በኋላ፣ ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ፍሊት በተባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ዓመታት አሳልፏል። ሆጋርት በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ማስታወሻ፣ ያ የተማረ ሰው በመጽሐፍ ነጋዴዎችና በታላላቅ ሰዎች ባዶ ተስፋ እንዴት እንደተጎዳ በምሬት ያነሣል። ልጁ በ1714 ገደማ ኤሊስ ጋምብል ከተባለ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ፣ በብር ዕቃ ላይ የመኳንንቱን የቤተሰብ ዓርማ መቅረጽ ተማረ፤ በ1720 ደግሞ በራሱ ስም ሥራ ጀመረ። በደራሲና በአንባቢ፣ በሠዓሊና በገዢ መካከል የሚቆመውን ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ በጥርጣሬ ማየቱ ከዚህ ቤት የወረሰው ይመስላል።

የዘመኑ የሥዕል ህትመት የሚሠራው በመዳብ ሰሌዳ ነበር። ባለሙያው በለሰለሰው መዳብ ላይ በስለታም ብረት መስመሮችን ይቀርጻል፣ ወይም ሰሌዳውን በሰም ቀብቶ ሰሙን በመርፌ እየጫረ የተጋለጠውን መዳብ አሲድ እንዲበላው ያደርጋል፤ ቀጥሎ ቀለም በመስመሮቹ ውስጥ ሞልቶ ገጹን ይጠርግና፣ ርጥብ ወረቀት አልብሶ በሁለት ጥቅል መካከል በኃይል ያሳልፈዋል። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሥዕል በሰሌዳው ላይ ካለው ግራና ቀኙ የተገለበጠ ነው። ሰሌዳውን ለመሥራት ብዙ ወራት ሊፈጅ ቢችልም፣ አንዱን ወረቀት ገዝቶ በሌላ መዳብ ላይ መገልበጥ ግን ለማንኛውም የሠለጠነ እጅ የሚከብድ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ በርካታ የተሰረቁ ቅጂዎች ከመጀመሪያው ሥዕል አንጻር ግራና ቀኛቸው ተገልብጦ ይገኛሉ።

ሆጋርት ይህን ጉዳት ገና በወጣትነቱ ቀምሶታል። በ1724 የለንደንን የጭምብል ጭፈራና የጣሊያን ኦፔራ ፍቅር የሚተች ሥዕል በራሱ ወጪ አሳትሞ በ1 ሽልንግ ለመሸጥ ቢያወጣ፣ የተሰረቁ ቅጂዎች በግማሽ ዋጋ በሱቆች ተሰቅለው አገኛቸው። በ1732 ያወጣው «የአንዲት ጋለሞታ ጉዞ» የተሰኘው ባለ 6 ክፍል ተከታታይ ሥዕል ደግሞ ጉዳዩን ወደ ላቀ ደረጃ አደረሰው። ከገጠር ወደ ለንደን የመጣች ልጃገረድ በደላላ አሮጊት ተታልላ ወደ ሴተኛ አዳሪነት፣ ከዚያም ወደ እስር ቤትና ወደ ሞት የምታመራበትን መንገድ የሚተርከውን ይህን ሥራ፣ ሆጋርት በቅድሚያ ምዝገባ፣ ማለትም ገዢው አስቀድሞ ከፊሉን ከፍሎ ሥዕሉ ሲወጣ ቀሪውን በሚያጠናቅቅበት ስልት፣ አንዱን ስብስብ በ1 ጊኒ (21 ሽልንግ) ከ1,200 ለሚበልጡ ሰዎች ሸጠው። ገቢው ለአንድ ሠዓሊ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ሌቦቹም ወዲያው ተከተሉት።

ስለዚህ ሆጋርት ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለፓርላማ አቤቱታ አቀረበ። አርአያ የሆናቸው ቀደም ብሎ በንግሥት አን ዘመን ለመጻሕፍት ደራሲዎች የወጣው ሕግ ሲሆን፣ በ1735 የጸደቀው አዲሱ ሕግም ሥዕሉን ፈልስፎ ለቀረጸው ሰው ለ14 ዓመታት ብቸኛ የማሳተም መብት ሰጠው፤ ያለፈቃድ ለታተመ እያንዳንዱ ወረቀት 5 ሽልንግ ቅጣት ወሰነ፤ የሌባው ሰሌዳም እንዲወድም አዘዘ። በአንጻሩ ባለመብቱ ስሙንና ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበትን ቀን በሰሌዳው ላይ እንዲቀርጽ ይገደድ ነበር። ይህ ግዴታ ለታሪክ ተመራማሪዎች ያበረከተው ጥቅም የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ውስጥ የነበረ አይመስልም፤ ከዚያ በኋላ የታተሙ ብዙ የእንግሊዝ ሥዕሎች የወጡበት ቀን ዛሬ በትክክል የሚታወቀው በዚህች አንዲት መስመር ነው።

ሆጋርት «የአባካኙ ወጣት ጉዞ» የተሰኘውን ቀጣይ ሥራውን አጠናቅቆ ሳለ ሕጉ እስኪጸና ድረስ ከገበያ አዘገየው። ያም ሆኖ ሌቦች ቅቡን ለማየት እንደ ደንበኛ ቤቱ ገብተው፣ ያዩትን በአእምሯቸው ይዘው በመውጣት ደካማ ቅጂዎችን ቀድመው አወጡ። እሱም መልሶ ቶማስ ቤክዌል ለተባለ አሳታሚ አነስተኛ ቅጂዎችን በ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ የሌባውን ገበያ በርካሽ ሕጋዊ ቅጂ መዝጋት ብልህ ውሳኔ ነበር። ወራሹ ወጣት የአባቱን ሀብት በትኖ በስተመጨረሻ የአእምሮ ሕሙማን ቤት በሚገባበት በዚህ ተከታታይ ሥራ ሰባተኛው ሥዕል የፍሊት እስር ቤትን ውስጠኛ ክፍል ያሳያል። ሆጋርት ያንን ቤት ለመሣል ከሌላ ሰው መስማት አላስፈለገውም።

የመብቱ መረጋገጥ ሠዓሊው ገዢውን ራሱ እንዲመርጥ አስቻለው። በ1747 «ትጋትና ስንፍና» የተባሉትን 12 ሥዕሎች ለሙያ ተማሪ ወጣቶች ብሎ ቀለል ባለ አቀራረጽ ሠርቶ ሙሉውን በ12 ሽልንግ ሸጠ። በ1751 ደግሞ «የቢራ ጎዳና» እና «የጂን ጎዳና» የተሰኙትን ጥንድ ሥዕሎች እያንዳንዳቸውን በ1 ሽልንግ አወጣ። ጂን ከእህል የሚጣራ ብርቱ አረቄ ሲሆን የለንደንን ድኆች ክፉኛ ጎድቶ ነበር፤ በሥዕሉ መካከል የሰከረች እናት ሕፃኗ ከእቅፏ ሲወድቅ ልብ ሳትል ተቀምጣ ትታያለች። በዚያው ዓመት ፓርላማ የጂንን ንግድ የሚገድብ ሕግ ቢያወጣም፣ የለውጡ ግፊት ከብዙ አቅጣጫ የመጣ ስለሆነ ውጤቱን በሙሉ ለሥዕሉ መስጠት ማጋነን ይሆናል። በዚያው 1751 ግን ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ከሚገኙት እጅግ የከበሩ ቅቦች የሚቆጠሩት ስድስቱ የ«ዘመናዊ ጋብቻ» ሥዕሎቹ በጨረታ የተሸጡት በ120 ጊኒ ብቻ ነው። ያላሰለሰ ገቢው ከወረቀቱ እንጂ ከሸራው አልነበረም።

ሕጉ ግን ጉድለት ነበረው። ከለላው ለራሱ ፈጠራ ባለቤት ብቻ ስለሆነ፣ የሌላውን ሠዓሊ ቅብ ወደ መዳብ በማዛወር የሚተዳደሩ ቀራጾች እስከ 1766 ድረስ ሳይካተቱ ቀርተዋል። ሠዓሊውን ከፖለቲካ ገንዘብ ለማላቀቅም አቅም አልነበረውም፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የመጣው ታላቁ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ጄምስ ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከመንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ በምስጢር ይቀበል ነበር።

የሕጉ ጥቅም ከማንም ይልቅ ጎልቶ የታየው በሆጋርት መበለት በጄን ላይ ነው። ጄን የንጉሡ ሠዓሊ የሰር ጄምስ ቶርንሂል ልጅ ስትሆን፣ በ1729 ከአባቷ ፈቃድ ውጭ ሆጋርትን አግብታ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ባሏ በ1764 ሲሞት የወረሰችው ዋና ሀብት የመዳብ ሰሌዳዎቹ ነበሩ፤ የብዙዎቹም የ14 ዓመት ከለላ ጊዜ አልፎበታል። የ1766ቱ ሕግ ጠቅላላውን የጥበቃ ዘመን ወደ 28 ዓመት ሲያሳድግ፣ ለጄን ሆጋርት በስሟ የተለየ የ20 ዓመት መብት ጨመረላት። እሷም በሌስተር ፊልድስ ከሚገኘው ቤቷ ሥዕሎቹን እያሳተመች ስትሸጥ ኖረች። ያ መብት ሲያበቃ ግን ገቢዋ ደረቀ፤ በ1787 የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ በዓመት 40 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠላት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም አረፈች።