የፉኬ ግንብና የዶርሜሶን ፍርድ

ከፓሪስ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ መለን በምትባል ከተማ አጠገብ፥ ቮ ለ ቪኮምት የሚባል ግንብ አለ። ያሠራው ንጉሥ ወይም መስፍን አይደለም፤ ኒኮላ ፉኬ የተባለ፥ በጅሮንድ እንደምንለው ያለ የገንዘብ ሹም ነው። (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ፉኬ ርስቱን የገዛው በ1641 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመንግሥቱ ገንዘብ የበላይ ሹም የሆነው በ1653 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለ ነበረ፥ ሹሙ በገዛ ስሙ ከባለጠጎች እየተበደረ ለመንግሥት ያበድር ነበር። ስለዚህ የመንግሥቱና የሹሙ ገንዘብ ባንድ ከረጢት ተቀላቀለ፤ ይህ የማን ነው ብሎ የሚለይ፥ ለመለየትም የሚፈልግ፥ አልተገኘም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረታችን በዚያም አገር ቢነገር እንግዳ ባልሆነ ነበር። የፉኬ ቤተ ሰብ ምልክት ሽኮኮ ነበረች፤ ከእርሷም ጋር «የማይደርስበት ከፍታ ወዴት ነው?» የሚል ቃል ይጻፍ ነበር።

ሥራው በ1656 ዓ.ም. ሲጀመር ሦስት ብልሆች ተመረጡ፤ ሉዊ ለ ቮ ለሕንጻው፥ ሻርል ለ ብረን ለሥዕሉና ለጌጡ፥ አንድሬ ለ ኖትር ለአትክልቱ። ቦታውን ለማስፋት በዚያ የነበረው መንደር ፈረሰ። የግንቡን ውበት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ነገር ቶሎ ያልፉታል።

ግንቡ ዙሪያውን በውሃ ተከቦ እንደ ደሴት ቆሟል፤ የሚገባበትም በድልድይ ነው። በመካከሉ ጕልላት የተደፋበት ሞላላ አዳራሽ አለ። በሮቹ ሲከፈቱ፥ ከደጅ የቆመ ሰው ዓይኑ ቤቱን አልፎ ከአትክልቱ ይደርሳል። ከሁሉ የሚያስደንቀውም አትክልቱ ነው። ለ ኖትር የዓይንን ባሕርይ ያውቅ ስለ ነበረ፥ ራቅ ያለውን ኩሬ ከቅርቡ አስበልጦ ቢሠራው ሩቁ ቅርብ መሰለ። ከግንቡ ደጃፍ ሆኖ የሚመለከት ሰው መስኩ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ይመስለዋል፤ ሄዶ ሲቀርብ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የውሃ ቦይ ድንገት ከእግሩ በታች ያገኛል። ባለቤቱም በፊቱ ያለውን ሳያይ ነበር የሚሄደው።

ነሐሴ (ኦገስት) 17 ቀን 1661 ዓ.ም. ፉኬ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ታላቅ ግብር አገባ። ሞልየር አዲስ ቴያትር አሳየ፤ ርችትም ተተኰሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ ንጉሡ 23 ዓመት በሞላበት ቀን፥ ፉኬ በናንት ከተማ ተያዘ።

ብዙ ሰዎች ንጉሡ በዚያ ሌሊት ቀንቶ አሰረው ይላሉ። ነገሩ ግን ከግብሩ አስቀድሞ የተቈረጠ ነበር። ከፓርላማው ፍርድ ቤት በቀር ማንም እንዳይፈርድበት የሚጠብቀውን የዐቃቤ ሕግነት ሹመት በዚያው ዓመት ተታሎ ሸጦ ነበርና። የክሱን ነገር ያደራጀው ኮልቤር ነው። እኛ ፉኬን ንጹሕ ነው ልንል አንደፍርም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት የሞተው ካርዲናል ማዛረን ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ሀብት ትቶ በክብር ተቀበረ፤ የሀብቱ አስተዳዳሪም ራሱ ኮልቤር ነበር። ታዲያ ጥፋቱ አንድ ሲሆን አንዱ የተከበረ፥ አንዱ የተከሰሰ፥ ስለ ምን ነው?

ለፍርዱ የተለየ ጉባኤ ቆመ፤ ሦስት ዓመትም ወሰደ። ንጉሡና ኮልቤር የሞት ፍርድ ይሹ ነበር። ነገሩን መርምሮ ለጉባኤው ያቀረበው ኦሊቪዬ ዶርሜሶን ግን የሚሹትን እያወቀ ለሞት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም ብሎ ከአገር ይውጣ ሲል ፈረደ። በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1664 ዓ.ም. 13 ዳኞች ይህን ሐሳብ ሲደግፉ 9ኙ ሞት ፈረዱ። የንጉሥ ሥልጣን ቅጣትን ለማቅለል የተሰጠ ሲሆን፥ ሉዊ አከበደው፤ ስደቱን በዕድሜ ልክ እስራት ለወጠ። ፉኬ በፒኜሮል ምሽግ ታስሮ በ1680 ዓ.ም. ሞተ። ዶርሜሶንም ከንጉሡ ሞገስ ወደቀ፤ ተስፋ ያደርገው የነበረው ሹመት ቀረበት። ግንቡን ለማየት የሚሄደው ሕዝብ የዚህን ሰው ስም አይጠይቅም፤ እኛ ግን ከጕልላቱ ይልቅ እርሱን ልናስታውሰው ይገባናል።

ከፉኬ መያዝ በኋላ ንጉሡ የግንቡን መጋረጃዎች፥ ሐውልቶችና የብርቱካን ዛፎች ወሰደ። ለ ቮን፥ ለ ብረንንና ለ ኖትርንም ወስዶ ቬርሳይን አሠራቸው። በዚያ የወጣው ገንዘብ ከፉኬ ወጪ ምን ያህል እንደ በለጠ የጠየቀ ጉባኤ አልነበረም።

ግንቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ፥ በ1875 ዓ.ም. አንድ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ገዝቶ አደሰው፤ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ለ ብረን በሞላላው አዳራሽ ጕልላት ላይ የፀሐይን ቤተ መንግሥት ሊሥል ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ባለቤቱ ሲታሰር ሥዕሉ ሳይሣል ቀረ።