ለጥቂት ስለ መተላለፍ፤ ከደሴ ሰማይ ሥር

ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው፣ የጦሳ ተራራ ከፊቱ ገጭ እስኪልበት ድረስ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ጭኖ የሚወርደውና ባዶውን የሚወጣው የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ እስኪደርሱ ድረስ አይተያዩምና፣ አንዱ ሾፌር አስቀድሞ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሌላውም ሰምቶ ይመልስለታል፤ ከዚያም በአንድ ክንድ ርቀት ተላልፈው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ተለዋውጠው ይለያያሉ። ቢጋጩ ኖሮ ፖሊስ ይመዘግበው፣ አገርም ያለቅስበት ነበር፤ በሰላም ስለ ተላለፉ ግን ማንም አይጽፍላቸውም። የአይሮፕላንም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ የተጋጩት በመዝገብ ሲሰፍሩ፣ ለጥቂት የተላለፉት ይረሳሉ። ይህ የተረሳው ወገን ታሪክ ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ የምትባለውን አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ባሳረፈ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሌላ ስላልነበረ መተላለፊያ ሥርዓት አላስፈለገም። ደሴ ግን አይሮፕላንን የተማረችው በክፉ ትምህርት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዘመቻ በከተማይቱ ሰፍረው ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በኅብረት መጥተው ቦምብ አዘነቡባት፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተማረም፤ ግርማዊነታቸውም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። እጁን ዘርግቶ ምሕረት ይለምንበት የነበረውን ጠፈር ሕዝቡ ከዚያ ዕለት ወዲህ በሥጋት አንጋጦ ይመለከተው ጀመር። ከተማይቱ ከወራሪው እጅ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ሲ 47 አይሮፕላኖች ሰውና ዕቃ ጭነው በዚያው ሰማይ በሰላም ይመላለሱ ጀመር። ሕጉም አብሮ መጥቷል፤ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በተመከረበት ጉባኤ፣ ከወረራ ከተላቀቀች አራት ዓመት ያልሞላት ኢትዮጵያም ተገኝታ ነበር። ኋላ የጸናው የከፍታ ሥርዓት ወደ ምሥራቅ የሚበር በጎዶሎ ሺህ ጫማ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር በሙሉ ሺህ ጫማ እንዲጓዝ ያዝዛል። መጽሐፈ ሔኖክ ብርሃናት ከስድስት የምሥራቅ ደጆች ወጥተው በስድስት የምዕራብ ደጆች እንደሚገቡ፣ አንዱም ከተሠራለት ምሕዋር እንደማይወጣ ይናገራል፤ ይህን ያነበበ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የአብራሪዎቹን ሥርዓት ቢነግሩት እንግዳ አይሆንበትም ብዬ አስባለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረኃብ ሲያልቁ፣ ይህ ሥርዓት ከቶ ባልታሰበ መጠን ተፈተነ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል፣ የምሥራቅ ጀርመንና የሶቪዬት አንቶኖቭ፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተር፣ በአውሮፓ ጦር ተማዝዘው የሚጠባበቁ መንግሥታት አብራሪዎች ሁሉ፣ እህል ጭነው በአንድ ሰማይ ተገናኙ። ከአሰብና ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ደመና በተጫነው ደጋ መካከል፣ ራዳር በሌለበት ይመላለሱ ነበር፤ መንገድ ባልደረሰበት አምባ ላይ የፖላንዱ ሄሊኮፕተር አስቀድሞ ወርዶ የመጣያውን ቦታ ሲለይ፣ ሄርኩለሱ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ጆንያውን እያራገፈ ያልፋል። ራዳር በሌለበት ተቆጣጣሪው አይሮፕላኑን በዓይኑ አያየውም፤ ያለው ጆሮውና በእርሳስ የሚጽፍባት ቀጭን ወረቀት ናት፤ አብራሪው ስሙን፣ የደረሰበትን ስፍራ፣ ሰዓቱንና ከፍታውን ሲነግረው ይጽፋል፣ የሁለቱን ወረቀት አስተያይቶም አንዱን ቆይ፣ ሌላውን እለፍ ይላል። የሺህ ነፍስ ጠባቂ የሆነው ይህ ቃል ነበር።

ቃል ሲጎድል ወይም ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ዓለም በከባድ ዋጋ ዐውቋል። ሰኔ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላቁ ገደል ላይ ሁለት አይሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች አለቁ። ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በሕንድ አገር በዴልሂ አቅራቢያ፣ በ15,000 ጫማ እንዲቆይ የታዘዘው የካዛክስታን አይሮፕላን ከከፍታው ወርዶ፣ በ14,000 ጫማ ከነበረው የሳዑዲ አይሮፕላን ጋር ተላተመና 349 ሰዎች ሞቱ። ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ጀርመን ሰማይ፣ ሁለት አይሮፕላኖች ሲቀራረቡ፣ ግጭት እንዳይደርስ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አንደኛውን ውጣ ሲለው ተቆጣጣሪው ውረድ አለው፤ አብራሪዎቹ ሰውየውን ሰሙና ተጋጩ፤ 71 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ያዘዘው እንዲቀድም ተደነገገ።

ከ29,000 ጫማ በላይ በሁለት አይሮፕላኖች መካከል ይጠበቅ የነበረው የከፍታ ልዩነት 2,000 ጫማ ነበር፤ ይኸውም ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው ሽቅብ ማለት ነው። መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. በአፍሪካ ሰማይ ይህ ልክ እስከ 41,000 ጫማ ድረስ በግማሽ ተቀነሰ። መንገደኛው ግማሹን ዳገት ወጥቶ ቢቆም፣ ከበታቹ ኮምቦልቻን፣ ከበላዩ ደሴን ቢያይ፣ ዛሬ ሁለት ግዙፍ አይሮፕላኖች አንዱ ካንዱ በላይ የሚያልፉበትን ርቀት በዓይኑ ለካ ማለት ነው። የመሬት ሬዲዮ በማያስተማምንበት የአፍሪካ ክፍል አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ስፍራቸውንና ከፍታቸውን ለሚሰማ ሁሉ ይናገራሉ፤ ይህም የደሴው ሾፌር መታጠፊያ ላይ የሚነፋው ጥሩምባ ነው።

በ1977ቱ ዘመን በሰሜን ማረፊያዎች ማማ ላይ ተቀምጣችሁ የአብራሪዎችን ጥሪ ትቀበሉ የነበራችሁ፣ በዚያ ደመና ውስጥ ያበረራችሁም አባቶችና ወንድሞች፣ ለጥቂት የተላለፋችሁበትን ሰዓትና ስፍራ ለልጆቻችሁ አጫውቱ፣ ወይም በእጃችሁ ጽፋችሁ አኑሩልን።