አሥራ አራተኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ

አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግሥት ጁላይ 9 ቀን 1868 በዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ላይ የታከለ ድንጋጌ ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ክፍሎች ቢኖሩትም ክብደቱ ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የከተማውን ፖሊስ ወይም የክፍለ ግዛቱን መንግሥት «መብቴን ጥሷል» ብሎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲያቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ይህንኑ ክፍል ነው።

ስመ ጥሩዎቹ ግን በ1791 የጸደቁት የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች ናቸው። የመናገር፣ የማመን፣ የመሰብሰብ ነጻነትም ሆነ ካለ አግባብ ከመፈተሽ የመጠበቅ መብት የተጻፉት እዚያ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እነዚህ ድንጋጌዎች ለረጅም ዘመን የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ያስሩ እንደነበር ነው። የባልቲሞር ከተማ ለመንገድ ሥራ ሲል የጅረቶችን አቅጣጫ በማስቀየሩ፣ ጆን ባሮን የተባለ ሰው የመርከብ ማራገፊያው በደለል ተሞላበትና መርከብ የማይቀርበው ሆነ። ባሮን «ንብረቴ ያለ ካሳ ተወሰደ» ብሎ አምስተኛውን ማሻሻያ ጠቀሰ። በ1833 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል፣ ማሻሻያው ከተማንም ሆነ ክፍለ ግዛትን አይመለከትም ብለው አሰናበቱት። የተራው ሰው ኑሮ ደግሞ በዋሽንግተን ሳይሆን በክፍለ ግዛቶች እጅ ነበር። ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጋብቻና የውርስ ሕጉ ሁሉ የእነሱ ነበር። ባርነትም እንደዚሁ።

በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአፍሪካውያን የተወለደ ጥቁር፣ ባሪያም ይሁን ነጻ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ፈነዳ። በዲሴምበር 1865 አሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ ባርነትን ሲያስቀር፣ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች «ጥቁር ሕጎች» የተባሉትን አወጡ። ሥራ የሌለው ጥቁር በአውደልዳይነት ይከሰሳል፤ ቅጣቱን መክፈል ካልቻለ ጉልበቱ ለነጭ ባለርስት ይከራያል። ባርነቱ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ኮንግረስ ይህን ለመግታት በ1866 የሲቪል መብቶች ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሕጉን ውድቅ ቢያደርጉም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሻረባቸው። ተራ ሕግ ግን በሚቀጥለው ምርጫ አሸናፊ ሊሻር ይችላል። ስለዚህ የኦሃዮው ተወካይ ጆን ቢንገምና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥቱ ወሰዱት። ማሻሻያ የሚጸድቀው የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የክፍለ ግዛቶች ሦስት አራተኛ ሲስማሙ ነው። ተሸናፊዎቹ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ማሻሻያውን ካላጸደቁ ወደ ኮንግረስ እንደማይመለሱ በሕግ ተነገራቸው። ግዴታ ነበር ብሎ መናገር እውነቱን ማዛባት አይሆንም።

የመጀመሪያው ክፍል በአሜሪካ ምድር ተወልዶ በሕጓ ሥልጣን ሥር ያለ ሁሉ የአሜሪካና የሚኖርበት ክፍለ ግዛት ዜጋ ነው ይላል። ክፍለ ግዛቶች የዜጎችን መብትና ከለላ እንዳይነኩ፣ ማንንም ሰው ካለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያሳጡና ለማንም እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳይነፍጉ ይከለክላል። ከቀሩት ክፍሎች ውስጥ ሦስተኛው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ያመጹ ሰዎችን ከሥልጣን የሚያግደው፣ በ2024 ከኮሎራዶ በመጣ ክስ ምክንያት ዳግመኛ መነጋገሪያ ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ ፍርዶች ማሻሻያውን ሊቀብሩት ምንም አልቀራቸውም። በ1873 የኒው ኦርሊንስ ሥጋ ሻጮች የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ለአንድ የቄራ ኩባንያ የሰጠውን ብቸኛ መብት ሲቃወሙ፣ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ የዜጎችን መብትና ከለላ የሚጠብቀውን ሐረግ ባዶ አስቀረው፤ ሐረጉ እስከ ዛሬ በቅጡ አላገገመም። በ1896 ደግሞ የዘር መለያየትን በተመለከተው የፕሌሲ ጉዳይ «ተለያይቶ እኩል መሆን» ይቻላል ተባለ። የተቃወሙት ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዘመን ድል የቀናቸው፣ የሚገርመው፣ የቻይና ስደተኞች ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ በእንጨት ቤት ልብስ ለማጠብ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደነገገች። ወደ 200 የሚጠጉ ቻይናውያን አመልክተው ሁሉም ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ላልሆኑት ግን ከአንድ በስተቀር ለሁሉም ተፈቀደ። በ1886 በዪክ ዎ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የሕጉ ፊደል ገለልተኛ ቢመስልም አፈጻጸሙ አድሏዊ ከሆነ መብት ተጥሷል አለ፤ ጥበቃውም ዜጋ ላልሆነ ሰው ጭምር መሆኑን አረጋገጠ። በ1898 ደግሞ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ተብሎ ተፈረደ። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እዚያ የወለደው ልጅ ዜግነቱን የሚያገኘው በዚህ ፍርድ ትርጓሜ ነው፤ በዚያው ከተማ የተወለደ የኢትዮጵያ አምባሳደር ልጅ ግን አባቱ የዲፕሎማት ከለላ ስላለው አያገኝም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሰነድ የሌላቸውንና የጊዜያዊ ቪዛ ባለቤቶችን ልጆች ከዚህ ለማውጣት ባወጡት ትእዛዝ ክርክሩ ተቀስቅሶ፣ የተለያዩ ፌዴራል ዳኞች ትእዛዙን አግደውታል።

የአሥሩ ማሻሻያዎች መብቶች ወደ ክፍለ ግዛቶች የተሻገሩት በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ «ተገቢ የሕግ ሥርዓት» በሚለው ሐረግ በኩል ነው። የመናገር ነጻነት በ1925 ተሻገረ። ካለ አግባብ በተደረገ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ የተከለከለው በ1961 ነው። ከሁሉ ታዋቂው የክላረንስ ጊዲየን ጉዳይ ይመስለኛል። ፍሎሪዳ ውስጥ የፑል ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ የተከሰሰው ይህ ድሃ ሰው ጠበቃ እንዲቆምለት ጠየቀ። ዳኛው፣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጠበቃ የሚያቆመው ሞት ለሚያስፈርድ ወንጀል ብቻ ነው ብለው ከለከሉት። ጊዲየን ከእስር ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ዋሽንግተን ደረሰ። በ1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱለት፤ ጉዳዩ በጠበቃ ዳግም ሲታይም ነጻ ወጣ። መሣሪያ የመያዝ መብት በ2010፣ ከመጠን ካለፈ የገንዘብ ቅጣት መጠበቅ በ2019 ተከተሉ። በፍትሐ ብሔር ክስ በጁሪ የመዳኘት መብት ግን እስካሁን ክፍለ ግዛቶችን አያስርም።

የእኩልነቱ ሐረግ ከብዙ ዝምታ በኋላ ጉልበት ያገኘው በ1954 ነው፤ የብራውን ፍርድ የትምህርት ቤቶችን የዘር መለያየት ሕገ ወጥ አደረገ። በ1967 በነጭና በጥቁር መካከል ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎች ወደቁ፤ በ1982 ደግሞ ቴክሳስ ሰነድ የሌላቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ማባረር እንደማትችል ተወሰነ። በሕገ መንግሥቱ ላይ በስም ያልተጻፉ መብቶችን ከ«ነጻነት» ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለው ግን እስካሁን ዳኞችን ይከፍላል። በ1973 የታወቀው የጽንስ ማቋረጥ መብት በ2022 መሻሩ ለዚህ ምስክር ነው።

ማሻሻያው የሚከለክለው የመንግሥትን እጅ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1883 ወስኖ እስከ ዛሬ ይዞታል። የግል ሆቴል ጥቁርን አላሳድርም ቢል አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ብቻውን አይደርስበትም። በዚህ ምክንያት ኮንግረስ የ1964ን የሲቪል መብቶች ሕግ ሲያወጣ በዋነኛነት የተደገፈው በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣኑ ላይ ነበር፤ አንድ የአትላንታ ሆቴል ሕጉን ቢከስም በዚያው ዓመት ተረታ።